የጋቢናው በር

ነቀምቴ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሀብተጊዮርጊስ
ሻርጃ

አዲሱን ዓመት በደኅና ያሻገርዎት አምላክ የዚያን አገር ሙቀት ያብርድልዎት እያልኩ እጅ ነስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደኅና ነን። እማዬ በዛብሽ "ጉንጩን ሳሚልኝ" ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

"የድምፅ መልእክት አትላኪ፣ ጻፊልኝ" ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። እውነትዎን ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ስናገር ከኋላዬ ስፒከር ይጮኻል፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ብረት ይቆረጣል። በሁለት ጩኸት መሀል የገባ ሰላምታ ማን ይሰማዋል?

እዚያው ሻርጃ የምትሠራው ብፅዓት ለእረፍት ስትመጣ በእጇ የላኩልኝን ካርቶን በሰላም አድርሳልኛለች። አራቱንም ስፒከሮች በትንሽ ባትሪ ነካ ነካ አድርጌ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም ደረታቸውን ነፉልኝ፤ የሞተ የለም። ጋሼ፣ አሁን ነቀምቴ መናኸሪያ ቆመው "መኪና በር ላይ ስፒከር የሚገጥም ማን ነው?" ብለው ቢጠይቁ የሁሉም ጣት ወደ እኔ ሱቅ ነው። መጀመሪያ ሴት ገጣሚ ለማየት ይመጣሉ፤ አይተው ሲጨርሱ መኪናቸውን ትተውልኝ ይሄዳሉ። ሌላው ገጣሚ የበሩን ሽፋን በካቻቢቴ ፈልቅቆ መያዣዎቹን ይሰባብራቸዋል፤ ከዚያ በሩ ዕድሜ ልኩን ሲንኮሻኮሽ ይኖራል። እኔ የፈታሁትን በር "ይሄ ተፈትቶ አያውቅም" ብሎ የተከራከረ ሾፌር አለ። ውስጥ ያለውን የዝናብ ላስቲክም አልቀድም። የወለጋ ክረምት በበር ገብቶ የወረቀት ስፒከርን ምን እንደሚያደርግ እርስዎ በረሃ ላይ ሆነው ሳይረሱት አይቀሩም።

አንድ ልመና አለኝ። ከአኖ ነቀምቴ ዶልፊን ሚኒባስ የሚነዳ ኢቢሳ የሚባል ሾፌር "መንገደኛ መኪናዬን በድምፁ እንዲለየው አድርጊልኝ" ብሎኛል። ለፊት በሮች የሚሆኑ ትልልቅ፣ ማግኔታቸው የከበደ ስፒከሮች ይላኩልኝ። ይህ መኪና ካማረ መናኸሪያው ሁሉ ይከተለኛል።

አባባ ደኅና ነው።

ልጅዎ ዝማሬ ሠርፀ


ሻርጃ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለዝማሬ

የያዝሽው ሁሉ ይባረክ፤ የነካሽው ብረት ይታዘዝሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ አንዳንዴ ዕድሜዬን ይነግረኛል።

ደብዳቤሽን የተጋጩ መኪኖች በምንፈታበት ግቢ መሀል ቆሜ አነበብኩት። የሥራ ጓደኞቼ፣ የፓኪስታኑም የሕንዱም፣ "ምን አገኘህ?" አሉኝ። "የወንድሜ ልጅ የድምፅ መሐንዲስ ናት" አልኳቸው። ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም። ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ያንቺን ስፒከር ነበር የምመስለው።

የጠየቅሽኝን ትልልቆቹን ጥንድ ልኬያለሁ። ባለቤቱ ገና ሳይጠግበው ከተጋጨ መኪና ያወጣኋቸው ናቸው። ትልቁ ሁልጊዜ ለፊት በር ነው፤ ድምፅ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ከመቁረጥሽ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርደሽ ለኪ፤ ማግኔቱ ከነካው መስታወቱ ግማሽ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የሽቦዎቹን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በሁለቱም በር አንድ ዓይነት አድርጊ። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይጠፋል፤ ተኳርፈው አንድ መዝሙር የሚዘምሩ ባልና ሚስት ይሆኑብሻል።

ኩርፊያ ስል አንድ ነገር አስታወስኩ። "አባባ ደኅና ነው" ብለሽ አለፍሽው። አንቺ የመምህራን ኮሌጁን ትተሽ እኔ የላክሁልሽን መፍቻ ከያዝሽ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔና ወንድሜ ቃል አልተለዋወጥንም። "ከበሮ ከሚሠራ ቤት ሣጥን አስጯሂ አወጣህብኝ" ያለኝ የመጨረሻው ነው። ሱቅሽን አየው? ምን አለ? ስለ ስፒከሮቹ ምንም አልፈልግም፤ የዚህን መልስ ላኪልኝ።

እጅሽን ከስለት፣ ስምሽን ከሐሜት ይጠብቅልኝ።

አጎትሽ ሀብተጊዮርጊስ


ነቀምቴ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ

በደስታ ነው የምጽፍልዎት፤ ሰላምታውን እንዳበዛሁት ይቁጠሩልኝ። የኢቢሳ መኪና ተሠራ!

የፋብሪካው ቀዳዳ ጠቦኝ በመጋዝ አሰፋሁት፤ ጠርዙን ሞረድኩት፤ ዝገት እንዳይበላው ቀለም ቀባሁት። ሽቦውን በበሩና በመኪናው አካል መሀል ባለችው የጎማ ቱቦ ሳሳልፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሌላው ሰው በውጭ በኩል ያሳልፈዋል፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይቆርጠዋል። መስታወቱን እንዳሉኝ አውርጄ ለካሁ፤ ከማግኔቱ የለየው የጣቴ ውፍረት ብቻ ነው። ቤዙ እንዴት እንደሚመታ ልንገርዎት? ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት ብሎን ተነሥቶ ይጨፍራል።

አሁን ሲሬ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ መንገደኛ መኪናው ሳይታይ "ኢቢሳ መጣ" ይላል። ረዳቱ መጣራት ትቷል፤ ስፒከሩ ይጣራለታል። ሌሎች ሾፌሮችም ወረፋ ይዘዋል። እንደነዚህ ያሉ ትልልቅ ጨምረው ይላኩልኝ፤ ካሉ ከእነሱም የሚበልጡ።

አባባ ለጥምቀት የሚወጡትን ከበሮዎች ቆዳ እያጠበቀ ነው። ሥራ በዝቶበታል።

ልጅዎ ዝማሬ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝማሬ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾምም ገብቶ ሊፈታ ተቃረበ፤ ከአንቺ ግን አንድ መስመር የለም። ስደውል "ደኅና ነኝ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ትይና ትዘጊያለሽ። ከኋላሽ ደግሞ ምንም ድምፅ የለም። የአንቺ ሱቅ ዝም ሲል እኔ ምን ልበል?

ሰሞኑን ከነቀምቴ የመጣ ቀነአ የሚባል ሰው አግኝቼ ስለ አንቺ ጠየቅሁት። አንገቱን አቀርቅሮ "ከኢቢሳ መኪና አንድ ትልቅ ሽማግሌ ወርደው የተናገሩት ነገር አለ" ብሎ ወሬውን ለወጠብኝ። ምንድን ነው የተናገሩት? የወንድሜ ልጅ ነሽ፤ ከሩቅ ሰው አፍ ልስማው?

ትልልቆቹን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ደብዳቤሽ ሳይመጣ ግን አልክም።

አጎትሽ


ነቀምቴ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሀብተጊዮርጊስ

ዝምታዬን ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን እርስዎ በእኔ መኩራትዎን እንዳይተዉ ፈርቼ ነው።

ኦቦ ተረፋ የአኖ ሰው ናቸው። ከሲሬ እስከ ቢላ የተጣላ ሲኖር የሚጠሩ አስታራቂ፣ በኦሮምኛው ጃርሳ ናቸው። በየካቲት አንድ ቀን ሁለት ቤተሰብ ሊያስታርቁ ወደ ነቀምቴ ሲመጡ በኢቢሳ መኪና ተሳፈሩ። እንደ ወጉ ጋቢና የተቀመጠው ወጣት ዘሎ ወረደና ቦታውን ለቀቀላቸው። ጋሼ፣ አሁን ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። በእኛ አገር ጋቢና የማን ነው? የሽማግሌ ነው። እኔ ደግሞ ከመኪናው ሁሉ ጉልበተኛውን ስፒከር የተከልኩት የት ነው? ሽማግሌ ጉልበት አጠገብ!

ኢቢሳ በበኩሉ አክብሮት አበዛ። እሳቸውን ለማክበር መዝሙር ከፈተላቸው፤ ይበልጥ ለማክበር ከፍ አደረገው። እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ በክብር ተቀምጠው በሰው መኪና "ቀንስልኝ" አይሉም። ዝም ሲሉት ወደዱት ብሎ ይጨምራል። ሲሬ ሲደርሱ "እዚህ ጉዳይ አለኝ" ብለው ወረዱ። ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ሌላ መኪና ጠብቀው ነቀምቴ ሲገቡ የሚታረቁት ሰዎች "ሽማግሌው ቀሩ" ብለው ተበትነዋል። ምን እንዳስረፈዳቸው ሲጠየቁ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ "ያንን በር የሠራው ሰው ቤት ሽማግሌ የለም እንዴ?"

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኢቢሳ ሞኙ ለመናኸሪያው ሁሉ አወራው። ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ቀሩ፤ እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት አባባን ነው። ቤታችን ሽማግሌ አለው፤ ሠርፀ ይባላል፤ የደብሩን ከበሮ ግማሹን በእጁ የፈለፈለ ሰው ነው። ነገሩ እኔን ዘሎ እሱ ላይ አረፈ። ሰንበት ሲያስቀድስ ሰዎች በዓይናቸው ሲከተሉት አይቼ ነው ያለቀስኩት።

ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ አባባ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመ። ከከፈትኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"መኪናው የታለ?" አለኝ።

ኢቢሳ ደጃፌ ትቶት ነበርና አሳየሁት። ጋቢና ወጥቶ ተቀመጠና "ክፈቺው" አለ። ከፈትኩት። መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ፣ አዲስ ከበሮ ሲሞክር እንደሚያደርገው አንገቱን ዘመም አድርጎ አዳመጠ።

"ዝጊው" አለኝ። "ሥራሽ ንጹሕ ነው።"

ጋሼ፣ ይህችን ቃል ደግሜ ልጻፋት። ሥራሽ ንጹሕ ነው አለኝ።

"አቅጣጫው ግን ነውር አለበት" ብሎ ቀጠለ። "ከበሮ አንገት ላይ ሲንጠለጠል አፉ ወዴት ይዞራል?"

"ወደ ጎንና ወደ ጎን።"

"ፊት ለፊት ያለው ሰው ላይ ለምን አይዞርም?"

የበሩን ስፒከር አየሁት፤ አፉ የዞረው የእሱ ጉልበት ላይ ነበር።

"ከበሮ ለሰው ይመታል እንጂ በሰው ላይ አይመታም" አለና ከኪሱ ክር አውጥቶ የስፒከሩን ዙሪያ ለካ፤ ክሩን በጣቱ ጠቅልሎ፣ ደኅና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ሄደ። እማዬ እንደነገረችኝ ለከበሮ ብሎ ያደረቀውን የዋንዛ ግንድ አጋድሞ ስፒከሩ የሚቀመጥበትን የእንጨት ቀለበት እየፈለፈለ ነው። እኔን "አትምጪ" ብሎኛል።

ስለዚህ ትልልቆቹን ይተዉልኝ። ትንንሽ፣ ማግኔታቸው ቀጭን የሆኑትን ይላኩ።

ልጅዎ ዝማሬ


ሻርጃ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝማሬ፣ ለቤታችን ጌጥ

የሽማግሌ ቁጣ ወደ ምርቃት ይመለስልሽ፤ አሜን በይ።

"ሥራሽ ንጹሕ ነው" አለ? ሠርፀ? ልጄ፣ እኔ ከእሱ ጋር ከበሮ ስፈለፍል ባደግሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አጠገቤ ቆሞ "ይሄ ከበሮ ነው ወይስ የአሳማ ገንዳ?" ነበር የሚለኝ። ደብዳቤሽን ይዤ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። የሕንዱ ባልደረባዬ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። "ማንም አልሞተም፤ ወንድሜ አፉን ፈታ" አልኩት።

ትልቁን ለፊት በር አድርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ እዚህ ጋቢና የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። በእኔ አሮጌ መኪና ጋቢና ላይ የሚቀመጡት የምሳ ሣህኔና የሥራ ጓንቴ ናቸው፤ እነሱም አይቆጡም። አንድ ሰው ወጉን ሲረሳ የሚረሳው እንዲህ ነው፤ ጭንቅላቱ ሳይሆን መጀመሪያ መቀመጫው ይረሳል።

ቀጫጭኖቹን ልኬያለሁ። ለራሴም አንድ ነገር ልለምን። "ለሀብተጊዮርጊስም መኪና ጥንድ ቀለበት ፈልፍልለት" በይልኝ። ወይም አይደለም፣ እንደሱ አትበዪው። "ትራፊ እንጨት ካለ" በይው።

አጎትሽ ሀብተጊዮርጊስ


ነቀምቴ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሀብተጊዮርጊስ

ክረምቱን አሳልፎ አደይን ያሳየን አምላክ እርስዎንም በአካል ያሳየን። የዘገየሁት በእኔ አይደለም። አባባ "እንጨቱ ክረምቱን አይቶ ካልሰነጠቀ ነው የምሰጥሽ" ብሎ ቀለበቶቹን ጣራ ሥር ሰቅሎ አስጠበቀኝ።

ቀለበቶቹን ቢያዩአቸው! በታች ወፍራም፣ በላይ ቀጭን ናቸው። ስፒከሩ ሲገጠምባቸው ፊቱን ከጉልበት ላይ አንሥቶ ሽቅብ ወደ መስታወቱ ያያል። በቀለበቱና በብረቱ መሀል የከበሮ ቆዳ ቁራጭ አስገባ። "አባባ፣ ክረምት ላይ ቆዳ ውኃ ይጠጣል" አልኩት። "ለዚህ ነው ሰም ቀድሜ ያጠጣሁት" አለኝ፤ የጧፍ ትራፊ አቅልጦ ነክሮታል። ትልልቆቹን ወደ ኋላ ወሰድኳቸው፤ እዚያ የሚቀመጡት ወጣቶች ናቸው፤ ጩኸት የሚወድ ከጩኸት ጋር ይቀመጥ።

ሥራው ሲያልቅ አባባ የሰንበት ኮቱን ለብሶ "ተነሺ፣ አኖ እንሂድ" አለኝ። ኢቢሳ ነዳ፤ እንደዚያ ቀን አፉን ዘግቶ አይቼው አላውቅም። ኦቦ ተረፋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ተረፋ?" ብሎ አባባ ባርኔጣውን አውልቆ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀ።

"ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው። ከበሮ ሠሪው ሠርፀ አይደለህም?"

"ነኝ። ይህች ልጄ ናት፤ ያንን በር የሠራች እሷ ናት። ያ ቤት ሽማግሌ አለው ልልዎ መጣሁ። ሽማግሌው ግን ዘግይቶ ደረሰ።"

ጋሼ፣ አባባ ስለ እኔ ሲል አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኦቦ ተረፋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ኢንተላ ሠርፀ? የሠርፀ ልጅ ነሽ? እኔ እኮ ጎረምሳ መስሎኝ ነበር የተቆጣሁት።"

ባለቤታቸው አዴ ድርቤ ከውስጥ ሆነው ሳቁ። "ያን ሰሞን ሁለት ቀን ሙሉ የምናገረውን አልሰማኝም። ለኔስ ደግ ሠራሽልኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ የልቤን ሁሉ ተናገርኩት!"

ሳቁ መንገዱን ከፈተልን። ኦቦ ተረፋ "እስቲ ልስማው" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ጋቢና ወጥተው በበሩ በኩል ያለውን ቦታ ያዙ፤ አባባ መሀል ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላቸው። ኢቢሳ መዝሙር ከፈተ፤ እንዳይሰማ አድርጎ ነው የከፈተው። ሲሬ ስንደርስ እንደ አምናው ይወርዳሉ ብሎ ፍሬን ያዘ።

"ምን ቆምክ?" አሉት። ቀጥለው "ኦል ካሲ" አሉት፤ ከፍ አድርገው ማለታቸው ነው።

ከፍ አደረገው። ድምፁ መስታወቱን ተደግፎ ተነሣና መኪናውን ሞላው፤ ማንንም አልገፋም። ኦቦ ተረፋ ጉልበታቸውን ዳሰሱ፤ በሩን ዳሰሱ፤ ግራ ገባቸው።

"ከየት ነው የሚመጣው? ከበሩ አይመስልም" አሉ።

አባባ መዳፉን ዘርግቶ በሩ ላይ አደረገ። "ከልጄ ነው" አላቸው።

መናኸሪያ ስንገባ ሾፌሩም ረዳቱም፣ ጫት ሻጯም ሳትቀር ከበቡን። ኦቦ ተረፋ ከጋቢና ሳይወርዱ በመስኮት ሆነው ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ፦ "ማንኒ ኩን ጃርሳ ቀባ። ኢንተላስ ቀባ።" ይህ ቤት ሽማግሌ አለው፤ ሴት ልጅም አለው። ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን ቁመቴ ከመናኸሪያው አጥር በለጠ። ሰው ምን ይለኛል ሳልል በመኪናው ዙሪያ እልል አልኩ።

አሁን ሾፌር ሲመጣ "የአባትሽን ቀለበት አድርጊልኝ" ነው የሚለኝ። አባባም ጠዋት ከበሮ፣ ከሰዓት ቀለበት ሆኗል። ሱቄ ውስጥ የራሱ በርጩማ አለው፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ይቆጣል። የሚላክ ሲኖር ቀጫጭኖቹ አይለዩኝ።

ከዚህ ጋር አባባ ያሸገው ነገር አለ። "አትክፈቺ" ስላለኝ አልከፈትኩም።

ልጅዎ ዝማሬ ሠርፀ


ነቀምቴ፣ በዚያው ቀን

ለወንድሜ ለሀብተጊዮርጊስ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤ እንደማልወድ ታውቃለህ።

ልጅቱ "ትራፊ እንጨት ካለ" ማለትህን ነገረችኝ። ትራፊ አልሰጥህም። ከግንዱ እምብርት ፈልፍዬልሃለሁ። የላክሁት የግራውን ነው፤ በሾፌሩ በር ይገባል። ወፍራሙ ወገን በታች ነው። አውቅሃለሁና ገልብጠህ እንዳትገጥመው።

በእጇ ያለውን ከእኔ ቀድመህ ያየህ አንተ ነህ። ይህን ጽፌልሃለሁ፤ በአፌ አልደግመውም።

የቀኙ፣ የጋቢናው፣ ተሠርቶ እኔ ዘንድ ተሰቅሏል። ጋቢናህ ላይ ጓንት እንደሚቀመጥ ሰምቻለሁ፤ እኔ ለጓንት ቀለበት አልፈለፍልም። መጥተህ ውሰደው። ከአዲስ አበባ ስትመጣ አኖ ላይ በኢቢሳ መኪና እንጠብቅሃለን። ታላቅህ እኔ ነኝ፤ በበሩ በኩል ያለው ቦታ የእኔ ነው። የዚያን ዕለት ግን አንተ ትቀመጥበታለህ።

ሠርፀ